እኔ አይደለሁም፣ ልጅቷ ናት

«የሌላ ሰው ሴል የገባበት ሰው የሰጪውን ጠባይ ይወርሳል አሉ» ይላል ካውያ። ማን እንዳለ አይታወቅም። ካውያ ወሬ ሲያመጣ «አሉ» ከሚላቸው ሰዎች በቀር ሌላ ምስክር ጠርቶ አያውቅም። ሱሪ ሲተኩስ ይላል፤ ኮሌታ ሲተኩስ ይላል፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሲጋርደው ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፦ «ይወርሳል አሉ!» ጠዋት የነገራችሁን ከምሳ በኋላ እንደ አዲስ ይነግራችኋል፤ የከሰዓቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ይረዝማል። ጠዋት ሴል የገባለት ሰውዬ ማፏጨት ብቻ ነበር የጀመረው፤ ከሰዓት ያው ሰውዬ ሚስቱን ጥሎ ከሙዚቀኞች ጋር ጠፍቷል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። የካውያ ቢጫን ኖሮ አህያዋም አፍ ታወጣ ነበር።

ካውያ የልብስ ስፌት ቤቱ ተኳሽ ነው። ቅጽል ስሙ ከሥራውም ከጠባዩም የመጣ ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ከረሱት ያቃጥላል። ወሬውን የሚያፈሰው በአለቃው ጆሮ ላይ ነው፤ ሴሉ የሚገባው የአለቃው ልብ ላይ ነዋ!

አለቃውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ሚሊሜትር እያለ ነው። አንድ ደንበኛ «ሱሪው አንድ ጣት ቢያጥር ምን አለበት?» ብሎ ሊያጽናናው ቢሞክር፣ «የማን ጣት? ጣት እንደ ባለቤቱ ነው!» ብሎ ሱሪውን ከሰውየው ላይ አስወለቀ፤ ሰውየውን መጋረጃ ውስጥ በውስጥ ሱሪ አቁሞ ፈትቶ እንደገና ሰፋው። ስሙ ያን ቀን ተጣበቀበት። እሱም አልጠላውም፤ ሲጠሩት አገጩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል።

እንግዲህ ይህ ሚሊሜትር የኮት ገበር እየሰፋ ሳለ አንድ ነገር ደረቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨመቀው። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ፤ የልቡ አንዱ ጎን ግን አልተረፈም። ሐኪሟ በማሽኑ ስታሳየው ሌላው ሲመታ አንዱ ጥግ ዝም ብሎ ተኝቷል። «ይሄማ» አለ ሚሊሜትር፣ «ካውያ ወሬ ይዞ ካውያውን የረሳበት ጨርቅ ነው።» ከዚያ ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እንኳ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ሆነ። ጨርቅ ከላይኛው መደርደሪያ ሲያወርድ መሃል ላይ ቆሞ ያርፋል፤ ሰው ካየው ደግሞ ጨርቁን እየመረጠ እንደሆነ ያስመስላል።

የሚያንገበግበው ግን ትንፋሹ አልነበረም። የሚያንገበግበው ከመንገዱ ማዶ ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ በር ለበር፣ ታናሽ እህቱ የራሷን ስፌት ቤት ከፍታለች። ድሮ አብረው ነበሩ፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል። ጨርቅ ላይ እጇ ሲሄድ መቀሱ ራሱ የሚያስብ ይመስላል፤ ቆራጧ የሚሏት ለዚህ ነው። አንድ ቀን «ወንድም ጋሼ፣ ታፔላው ላይ የእኔም ስም ይግባ» አለችው። እሱ ደግሞ ደንበኛ ፊት፣ «መቀስ የያዘ ሁሉ ታፔላ ላይ ከተጻፈማ፣ ፀጉር አስተካካዩንም እንጨምረው» አላት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሚሊሜትር ያኔ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየደረሱበት ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ መንገዱን ተሻገረች። በዚያው ቀረች።

ዓመታት አለፉ። በሁለቱ በሮች መካከል መኪና ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ የካውያ ወሬ ያልፋል፤ ወንድምና እህት ብቻ አያልፉም። «ይቅርታ ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወጣ ይመርጣል» ትላለች ባለቤቱ። እውነቷን ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጥርስ ወጥቶለታል፤ ይቅርታ ግን አንድም።

አሁን ደረቱ ሊከፈት ነው። የሚፈራው መሞትን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከእሷ ጋር ሳይነጋገር መሞትን ይፈራል፤ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ሳይሞት ሄዶ መናገርን።

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት። ነጩ ጋዋን ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል፤ ሚሊሜትር ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በዓይኑ አጥብቦላታል።

«የተዘጉትን የደም ሥሮች በሌላ መንገድ እንቀጥላቸዋለን» አለችው። «ያ የተለመደው ቀዶ ሕክምና ነው። ደረትዎ ተከፍቶ ሳለ ደግሞ፣ እርስዎ ከፈቀዱ፣ የሞተው ቦታ ላይ ትንሽ መጣፊያ እናደርጋለን።»

«መጣፊያ!» ሚሊሜትር ከሱቄ የተጣፈ ልብስ ወጥቶ አያውቅም እያለ የሚኮራ ሰው ነው። «ከምን ጨርቅ?»

«ከሴሎች። አንዲት ጤነኛ ሴት ደም ሰጠች። ከደሟ የወሰድናቸውን ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ ወደ ኋላ መለስናቸው፤ ገና ምንም ሳይሆኑ በፊት ወደነበሩበት። ስቴም ሴል የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ልብ በሚወስደው መንገድ መራናቸውና በሩ ላይ አቆምናቸው። ከእንግዲህ ጉበት ወይም አጥንት አይሆኑም፤ ልብ ለመሆን ተነሥተዋል። ልብ ግን ገና አልሆኑም። መምታትም አልጀመሩም።»

ሚሊሜትር አሰበ። «ተቆርጦ፣ በነጭ ክር ተይዞ፣ የስፌት መኪና ያልገባ ኮት ማለት ነዋ።»

«ልክ!» አለች ሐኪሟ። ደስ አላት። ደስ ባይላት ይሻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የነገረችውን ሁሉ በጨርቅ ነው የተረዳው።

«በምን ክር ትሰፊዋለሽ?»

«ክር የለውም። ደም ሲረጋ እንደሚሠራው ዓይነት ስስ ሙጫ ውስጥ ናቸው። ላዩ ላይ ይለጠፋል።»

«ይለጠፋል?» ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ሰማሽ? ልቤን እንደ ፖስታ ሊለጥፉት ነው።»

«አድራሻውን በደንብ ይጻፉበት» አለች ባለቤቱ። «አሁን ዝም ብለህ አድምጥ።»

ሐኪሟ አልሸፋፈነችም። ሙከራ መሆኑን ነገረችው። ላይጠቅም ይችላል፤ ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ለጊዜው ደግሞ የሰውነቱን ዘበኛ የሚያስተኛ ኪኒን መዋጥ አለበት፤ አለዚያ ሰውነቱ እንግዶቹን ሴሎች እንደ ሌባ ያባርራቸዋል። ሚሊሜትር ሁሉንም ሰማ። ጥያቄ አለዎት ሲባል የጠየቀው ግን አንድ ብቻ ነው።

«ልጅቷ ማን ናት?»

«ልነግርዎት አልችልም። ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም።»

ሱቅ ሲመለሱ ካውያ ካውያውን አቁሞ ነው የጠበቃቸው።

«ወጣት? ወጣት ከሆነችማ አለቀልህ ጋሼ፤ ትጨፍራለህ።»

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ! እሺ መጨፈሩስ ይሁን፤ አልቃሻ ብትሆንስ? ደንበኛ ሲለካ ብታለቅስበት፣ ሱሪው አጠረ ወይስ ሰው ሞተ ብሎ ነው የሚያስበው?»

ባለቤቱ ቦርሳዋን ዘርግፋ የመድኃኒት ማዘዣ እየፈለገች ነበር። ቀና አላለችም። «ይወርሳል ካልክማ ዛሬውኑ ይለጥፉለት። ከዚህ ጠባይ የባሰ ከየት ያመጣሉ?»

ሆስፒታል ሊገባ በዋዜማው ሚሊሜትር ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ። ብርሃን ፈልጌ ነው አለ። ብርሃኑ የሚገባው ከጀርባው ባለው መስኮት ነው። ከማዶ ቆራጧ አንዴ ብቅ ብላ ጨርቅ አራገፈች፤ ወደ እሱ ያየች መሰለው፤ ተመልሳ ገባች።

«ነግረሃታል?» አለው ካውያን።

«ምኑን?»

«ምኑንም!»

«ነግሬያታለሁ ጋሼ። ልብህ ሊጣፍ ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«"በምን ቀለም?" አለች።»

ሚሊሜትር ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁ ደረቱን ወጋው። መሸ። እሷም አልመጣች፣ እሱም አልሄደ። በማግሥቱ ፈረመና ተኛ።

ሲነቃ ጉሮሮው አሸዋ የዋጠ ይመስላል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ሰው ቁጭ ያለበት ያህል ይከብደዋል። ዓይኑ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ፊት መቁጠር ነው። አንዱ የባለቤቱ። አንዱ የካውያ፤ የሰው ልብስ ሲተኩስ የሚውለው ካውያ ሸሚዙ እንደተጨማደደ ነው። ሦስተኛ የለም።

«ማን ማን መጣ?» አለ ድምፁ ሲመለስለት።

«እኔና ካውያ ታች አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለን ዋልን» አለች ባለቤቱ። «ማን እንዲመጣ ነበር?»

«ማንም።» ወደ ግድግዳው ሊዞር ፈለገ፤ ደረቱ አላዞረውም። ጣሪያውን እያየ አኮረፈ።

ልጅቷ ራሷን የገለጠችው ቤት ከገባ በኋላ ነው። «እባክህ፣ ያንን ትራስ አቀብለኝ» አለው ካውያን፤ ካውያ ትራሱን ከእጁ ጣለው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያዘው «እባክህ» የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። «ጀመራት!» ብሎ ወደ ጓዳ ሮጠ። «እትዬ፣ ልጅቷ ጀመራት!»

ከዚያ ማን ያቆመዋል? ሚሊሜትር ሻይ ሲጠጣ ካንጎራጎረ ልጅቷ ናት። ሚስቱ ስትስቅ አብሮ ከሳቀ ልጅቷ ናት። አንዲት ሙሽራ መስተዋት ፊት ስትቆም ዓይኑ እንባ ቢያቀርር፣ ካውያ ለሙሽራዋ «አይዞሽ፣ እሱ አይደለም» ብሎ ያስረዳላታል። ባለቤቱም ለመደቻት፤ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ልጅቷን ምን አማራት?» ትላለች። በአንድ ወር ውስጥ ስም የሌላት፣ ፊቷን ማንም ያላየው ልጅ የቤቱ ሰው ሆና አረፈችው።

ሚሊሜትር መጀመሪያ ተቆጣ። ቀስ እያለ ግን ነገሩ እንደሚመች ገባው። የገዛ ኩራቱ ዕድሜውን ሙሉ የከለከለው ነገር ሁሉ ለልጅቷ ተፈቅዷል! ሱሪው አንድ ጣት ያጠረበት ሌላ ደንበኛ መጥቶ ተሸማቀቀ፤ ሚሊሜትር መነጽሩን አወለቀና «እንዲያውም ቁርጭምጭሚትህ ያምራል፣ ይታይ» አለው። ካውያ በድንጋጤ ሲያፈጥበት፣ «እኔ አይደለሁም» አለ፣ «ልጅቷ ናት።» ሰው ማመካኛ ካገኘ ደግ መሆን ይህን ያህል አይከብደውም።

ሐኪሟ በየቀኑ ይራመዱ ብላዋለች። ተራመደም፤ በራሱ በኩል ባለው የመንገድ ዳር፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ እንደ ዘበኛ። ትንፋሹ እየረዘመ፣ እርምጃው እየሰፋ ሄደ። አንድ ረፋድ ላይ ካውያ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ይቺ ልጅ ግን መንገድ መሻገር አልተማረችም እንዴ?» አለ።

ሚሊሜትር ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮቱን ቆለፈ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ደግሞ ግራ አየ፤ መኪና እንኳ እንዳላገዘው ሲያውቅ ተሻገረ። ካውያ በሩ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ካውያው የሰው እጅጌ ላይ መቅረቱን ያስታወሰው ከሽታው በኋላ ነው።

ቆራጧ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በሳሙና ቁራጭ ታሰምራለች። ቀና አላለችም።

«ደንበኛ ከሆንክ ተራ ያዝ።»

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሚሊሜትር ተራ ያዘ።

መስመሩን ጨረሰች። ሳሙናውን አስቀመጠች። «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እኔ አልመጣሁም» አለ። «ልጅቷ ናት ያመጣችኝ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ይቺ» ብሎ ደረቱን ነካ አደረገ። «የለጠፉብኝ።»

«እ! እሷ። ትጨፍራለች አሉ።»

«አትጨፍርም። አንድ ነገር ካልተናገርኩ ብላ ነው የምትነዘንዘኝ።»

«ትናገራ! ማን ከለከላት?»

ሚሊሜትር ጉሮሮውን ጠረገ። ጣሪያውን አየ። መደርደሪያውን አየ፤ እዚያ የተሰቀሉት እጅጌዎች ከእሱ ሱቅ ካሉት የበለጠ ያማረ ቁርጥ እንዳላቸውም አየ፤ ይህ ደግሞ ምንም አልረዳውም። «አጠፋሁ ትላለች።»

«ምን አጥፍታ? እኔ ልጅቷን አላውቃት።»

«ስለ ታፔላው ነው።»

«ታፔላው ሲሰቀል ነበረች እንዴ?»

«አታድክሚኛ! ልቡ የታመመ ሰው ነኝ እኮ።»

«አንተ ዝም በል፤ የማወራው ከእሷ ጋር ነው።» እጆቿን አጣጠፈች። ድምፅዋ ቀልዱን አልተወም፤ ዓይኗ ግን ትቶታል። «እስቲ አንቺ ልጅ ንገሪኝ፣ ስለ ፀጉር አስተካካዩ የተባለውስ?»

«እሱማ...» ሚሊሜትር የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። «ከሁሉ የሚያቃጥላት እሱ ነው። መኪናው ላይ በተቀመጠች ቁጥር ትዝ ይላታል። አንቺ የቆረጥሽውን ስትሰፋ መርፌው ራሱ መንገዱን ያውቅ ነበር ትላለች። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲህ ቆርጦላት አያውቅም። ስትናገረውም ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር ትላለች።» ድምፁ እዚህ ላይ ተበጠሰ። ቆይቶ ቀጠለው። «እንዲህ አለች ልጅቷ።»

ቆራጧ አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ሜትር አንሥታ ደረቱን ዙሪያውን ለካችው፤ ጠባሳው ጋ ስትደርስ እጇን አላላች።

«ከስተሃል፣ ወንድም ጋሼ። ይሄ ኮት ከእንግዲህ ያንተ አይደለም። አውልቀው፣ አንድ ነገር ልቁረጥልህ።»

«አንቺ ቁረጪው። ስፌቱን እኔ እሰፋዋለሁ።»

«ይሄ ደግሞ የማን ነው? ያንተ ነው የልጅቷ?»

«የልጅቷ» አለ ሚሊሜትር ቶሎ ብሎ።

«እሺ። ለእሷ ስል ነው።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሥራ በዛበት። ቁርጡ ከማዶ ይመጣል፣ ስፌቱ ወደ ማዶ ይሄዳል። አዲስ ታፔላ ተሠራ፤ የማን ስም ይቅደም በሚለው ሳምንቱን ሙሉ ተነታረኩ። ንትርኩ ግን የጤነኛ ሰው ንትርክ ነበር፤ ካውያ እንኳ ወሬ አላደረገውም።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ይዛው የሄደችው ቆራጧ ናት። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብታ በማሽኑ አየችው፤ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «ይህ የተኛው ጥግ ነበር። አሁን ይንቀሳቀሳል። እንደ ጤነኛው አይደለም፤ ግን ይንቀሳቀሳል።»

«ለካስ ልብ አለው!» አለች ቆራጧ። ሻርፗን ጣል አደረገች። «ታክሲ ልያዝ፤ ቶሎ በል፣ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ» ብላ ወጣች።

ሚሊሜትር ጄሉን እየጠረገ፣ «የኔ ልጅ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኪኒኑን ካስቆምሽኝ ቆየ። ዘበኛው ተነሥቷል ማለት ነው። ልጅቷን አላባረራትም?»

«የትኛዋን ልጅ?»

«መጣፊያዋን።»

«ኧረ እነሱማ የሉም!» አለች ሐኪሟ። «ሴሎቹ ጥቂት ሳምንት ነው የሚቆዩት። ለልብዎ ተነሥ የሚል ዓይነት መልእክት ይረጩና ይጠፋሉ። የሚመታው የራስዎ ልብ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱን እነሱ እንደሠሩት፣ ስንቱን የቀጠልናቸው የደም ሥሮች እንደሠሩት ገና አናውቅም።»

«ሙጫውስ?»

«እሱም ሟሟ።»

ሚሊሜትር ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ዘለለ። እሱ በሚያውቀው ዓለም የሚያልቀው ሱሪው ነው እንጂ መጣፊያው አይደለም። መጣፊያ ያልቃል ብሎ የሚጠረጥር ልብስ ሰፊ የለም፤ ስለዚህም ጠይቆ አያውቅም።

«በየቀኑ ይራመዱ ያልሽኝ ሰሞን... በኋላ በኋላ፣ ትንፋሼ ሲመለስ፣ ያኔ አንዲት እንኳ አልቀረችም ነበር?»

«አንዲትም።»

ሁሉንም በየተራ አሰበው፤ እባክህን፣ ማንጎራጎሩን፣ የሙሽራዋን እንባ፣ ከዚያ ደግሞ ግራ ቀኝ አይቶ የተሻገረውን መንገድ። ጆሮው ድረስ ጋለ። በሩ መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አደራሽን፣ ይህን ለእህቴ እንዳትነግሪብኝ። እሷ ይቅር ያለችው ልጅቷን ነው።»

«አሁን የወጡት ናቸው እህትዎ?»

«እሷ።»

ሐኪሟ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች። «ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አለች። «እርስዎ ቀዶ ሕክምና ክፍል በገቡ ቀን ላይኛው ፎቅ በሩ ሥር ቆመው የዋሉት እሳቸው ናቸው። ገና ስወጣ ክንዴን ይዘው፣ ተረፈ ወይ አሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ መጣፊያው ስንት ጊዜ ይቆያል አሉኝ። ጥቂት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ይጠፋል አልኳቸው።»